ዜማው እስኪያልቅ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ያችን ዱካ ሳቡና አረፍ በሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ የትም አያስኬድ። የማወጋችሁ የአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት ነገር ነው፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ በሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ በሚወጣበት አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ የሆነ።

አኮርዲዮኑ ያን ቀን እንደ ክቡር እንግዳ ለብቻው ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ጋሽ ሉልሰገድ ከጠዋት አንስተው በደረቅ ጨርቅ ሲወለውሉት፣ በየቁልፉ ጥግ ያደረውን አቧራ በጥጥ ሲለቅሙ አረፈዱ። ቀይ ነው፤ የበሰለ ሮማን ቀይ። ነጫጭ የነበሩት ቁልፎቹ በዕድሜ ብዛት ወደ ቅቤ መልክ ሄደዋል። ጎኑ ላይ የሠሪው የጣሊያን ስም በወርቅማ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ የጋሽ ሉልሰገድ ክንድ ዘመኑን ሙሉ እየታከከ አጠፋውና አሁን የቀረው አንድ ሁለት ፊደል ነው።

ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እንግዳ ብርሃን ነው። ማዶ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቦታው ከተከፈተ ወዲህ፣ ፀሐይ በዕድሜዋ ደርሳበት እስከማታውቀው ጥግ ዘልቃ ትገባለች። ቀድሞ ከዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮና የተሰጣ ልብስ ነበር። ዛሬ ቸርችል ጎዳና እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል፤ መኪናውም ሰዉም፣ በህልም እንደሚታይ ነገር፣ ድምፁ ሳይሰማ ቁልቁል ይፈስሳል።

ባለቤታቸው እትዬ ሰርክአዲስ ከዚያ ብርሃን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ብርሃን መሆኑን ያውቃሉ እንጂ በውስጡ ያለውን አያዩም። የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። «የምኖረው ጉም ውስጥ ነው፤ ደግነቱ ጉሙ ነጭ ነው» ይላሉ ሲቀልዱ። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ብሎ ቀን ቆርጦላቸዋል፤ ክፍያው ግን አስቀድሞ ነው። የጡረታ ገንዘብ ለዚያ አይደርስም። ቤቱ ውስጥ ለዚያ የሚደርስ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው።

«ጣቶቼ እንደሁ ደርቀዋል። ምን ያደርግልኛል?» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ፣ ለመሸጥ የወሰኑ ዕለት። እትዬ ሰርክአዲስ ዝም አሉ። ጋሽ ሉልሰገድ የሚስታቸውን ዝምታዎች ለይተው ያውቃሉ፤ የቁጣው አለ፣ የድካሙ አለ፣ የደስታውም አለ። ይህኛው ግን እሺም እምቢም ያልሆነው ነበር።

ምድር ቤት ልብስ የምትሰፋው ረይሀና ናት አኮርዲዮኑን ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ያወጣችው። ዋጋውንም ጠይቃ፣ አጣርታ፣ ሰማንያ ሺህ ብር ብላ ጻፈች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረጃውን ወጥታ ጋሽ ሉልሰገድን አስጠነቀቀቻቸው።

«ጋሽዬ፣ ይስሙኝ። የዛሬ ሰው ‹ልኬያለሁ› ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያል። እዚያ ላይ የሚታየው ሥዕል ነው፤ ሥዕልማ እኔም እሠራልዎታለሁ። የባንኩ መልእክት እርስዎ ቀፎ ላይ ሳይገባ ይሄ ነገር ከበር እንዳይወጣ።»

«እሺ ልጄ።»

«እሺ ብቻ አይበሉኝ! እርስዎ ሆደ ባቄላ ነዎት። ‹አባቴ› ያለዎት ሁሉ ልጅዎ ይመስልዎታል።»

ጋሽ ሉልሰገድ ሳቁ። እውነቷን ነበር።

ገዢው የመጣው ባንኮች በራቸውን ዘግተው ሠራተኞቻቸው ወደየቤታቸው በሚበተኑበት ሰዓት ነው። በስልክ «እንዳለ እባላለሁ» ብሎ ነበር። ደረጃውን በእርጋታ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ሉልሰገድን ትከሻ ሳመ፣ እትዬ ሰርክአዲስንም «እማዬ፣ ደህና ዋሉ?» አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተስተካከለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ወጣት ነው። አኮርዲዮኑን አየ። አልነካውም። ስለ ዋጋው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጋሽ ሉልሰገድን ይህ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ፒያሳ ተወልዶ ለሚያረጅ ሰው ክርክር የሌለው ግብይት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

«አባቴም እንደ እርስዎ ሙዚቀኛ ነበር» አለ ወጣቱ። «አኮርዲዮን ተጫዋች። ከተኛ ቆየ፤ ሰውም እምብዛም አያናግር። ይህን አምጥቼ ጎኑ ባስቀምጥለት ይነሳ ይሆናል ብዬ ነው።»

የጋሽ ሉልሰገድ ልብ እዚያው ቀለጠ። አልጋ ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ታያቸው፤ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ቁልፍ የሚፈልጉ። ስሙን አያውቁትም፤ ግን ያወቁት መሰላቸው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዕቃው የሚሸጥ መሆኑ ቀርቶ፣ ለአንድ ለታመመ የሙያ ወንድም የሚላክ ነገር ሆነባቸው።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገና ዘርግቶ አሳያቸው። አረንጓዴ ምልክት አለ። ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። ገንዘቡም ልክ ነው።

«ይኸው ተላልፏል። ኔትወርኩ ስለሚጓተት ነው እንጂ መልእክቱም ወዲያው ይደርስዎታል።»

የጋሽ ሉልሰገድ ቀፎ እትዬ ሰርክአዲስ ጭን ላይ ነበር። አልጮኸም።

አሁን፣ የሙዚቀኛ ነገር ልንገራችሁ። ሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር የተለጠፈለት ተጫዋች ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ ብሩን አያይም። ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የተቁለጨለጨ ዕለት ራሱንም ሸላሚውንም አዋረደ። ጋሽ ሉልሰገድ ከቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ በነበረ ሆቴል፣ ኋላም በየሠርጉ ድንኳን የኖሩት በዚህ ሕግ ነው። ሰው ሰጠሁ ሲላቸው የተሰጣቸውን አፍጥጦ ማየት አያውቁበትም። ስለዚህ የረይሀና ቃል በአንድ ጆሯቸው፣ የዕድሜ ልክ ጨዋነታቸው በሌላው እየጮኸ፣ በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ። ወጣቱ ወደ ወንበሩ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

ያኔ ነው እትዬ ሰርክአዲስ የተናገሩት።

«ሉሌ፣ ሳይሄድ አንድ ጊዜ አጫውተኝ።»

ጋሽ ሉልሰገድ ወደ እሳቸው ዞሩ። እንዲህ ብለው ከጠየቁ ስንት ዘመን ሆነ? ሆቴሉ ተዘግቶ፣ ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ወደ ዘላለም ቤታቸው ሄደው፣ አኮርዲዮኑ አልጋ ሥር ከገባ ወዲህ እሳቸውም አላነሱት፣ እትዬ ሰርክአዲስም አጫውተኝ አላሉ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ወጣቱ ሰዓቱን አየት አድርጎ። «አንድ አጭር ነገር።»

ጋሽ ሉልሰገድ አኮርዲዮኑን አንስተው በቦታው ተቀመጡና ማንገቻውን በሁለቱ ትከሻዎቻቸው አጠለቁ። ክብደቱን ደረታቸው ወዲያው አስታወሰው። ወናፉን ከፈቱት፤ አቃሰተ፤ ረጅም የተኛ ሰው ሲነሳ እንደሚያዛጋ አየር ሳበ። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ተደነቃቀፉ። ቀለበት ጣታቸው አልታጠፍ አለ። አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ አልመለስ አለ። ሁለተኛ ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ በባቲ ቅኝት አንድ የቆየ የሠርግ ዜማ፣ ስሙን ራሳቸው የረሱት፣ ከጣቶቻቸው በታች እንደ ምንጭ ፈለቀ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመስኮቱ ማዶ ባዶ የነበረው ቦታ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። የፈረሰው በረንዳ ተመለሰ፣ ፍርግርጉ ላይ የተቀመጡት የአበባ ጣሳዎችም ጭምር። ጃንጥላ ጠጋኙ ከጥጉ ተቀመጠ። ከኬክ ቤቱ የቫኒላ ሽታ መጣ። ሲኒማ የሚገቡ ሰዎች ሰልፍ ይዘው ተሳሳቁ። ከሰልፉ መካከል አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ወደ ኋላ ዞር አለች፤ ዓይኖቿ እንደ ውሃ የጠሩ ነበሩ። ዞር ያለችው ሰርክአዲስ ነበረች። ጋሽ ሉልሰገድ ያን መልክ እንዳያጡት ፈርተው ዜማውን ወደ መጀመሪያው መለሱት። ለዚያ ለማይታወቀው የታመመ አባትም ተጫወቱለት፤ ‹ሰምተኸኝ እንደሆን ተነስ፣ ወንድሜ› በሚል ልብ።

በዚህ መሐል ቀፎው ጭን ላይ ጢን አለ።

«ገባ!» አለ ወጣቱ ብድግ ብሎ። «ያልኩት ይኸው። ወዲህ ይበሉት እማዬ፣ ላንብብልዎት።»

እትዬ ሰርክአዲስ ቀፎውን አነሱት። በጉማቸው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ታያቸው። ወደ ወጣቱ ግን አልዘረጉትም፤ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት።

«ቆይ ልጄ። የመጣው ለሱ ነው። ሲጨርስ ያነበዋል።»

የሚያነቡት ሰው ሁለት እጅ ግን ማንገቻና ቁልፍ ውስጥ ነበር፤ ልባቸውም ቢጫዋ ቀሚስ ጋ። ወጣቱ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ወደ መስኮቱ ሄዶ ታች የቆመችውን የመጣባትን መኪና አየ። ዜማው ሊያልቅ ሲቃረብ ይታጠፍና እንደገና ይጀምራል። ላቡን ጠረገ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው መሰለኝ፤ ከኪሱ አዲስ ሁለት መቶ ብር መዘዘና የጋሽ ሉልሰገድ ግንባር ላይ ለጠፈው። የተከፈለው ተጫዋች ሥራውን ይጨርሳል ብሎ ይሆናል ያሰበው።

ያ ስህተት ነበር! የተሸለመ ሙዚቀኛ ይጨምራል እንጂ መቼ ያቆማል? የሸለመው ሰው ስም ከነአባቱ ተጠርቶ፣ ተመርቆ፣ ተሞግሶ ነው ዜማው የሚዘጋው። ጋሽ ሉልሰገድ ብሩ ግንባራቸው ላይ ሲያርፍ ጀርባቸው ቀና አለ፤ ወናፉን ከበፊቱ ይልቅ ሰፋ አድርገው ከፈቱት፤ የዱሮ የሠርግ ድንኳን ድምፃቸውን አወጡ።

«ኧረ እሰይ! ማን ልበል? የማንስ ልጅ ልበል?»

ወጣቱ ዝም አለ።

ዝምታው ረጅም አልነበረም፤ አንዲት እስትንፋስ ያህል ናት። ግን የአባቱን ስም የተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ያችን እስትንፋስ አይወስድም። ያውም ለአባቱ ስጦታ ሊገዛ የመጣ ልጅ።

«እንዳለ» አለ። «እንዳለ... ብርሃኔ።»

ጋሽ ሉልሰገድ ያችን ክፍተት የሰሙት ከዜማ የጎደለ ምት እንደሚሰማ ነው። እጃቸው አላቆመም። እትዬ ሰርክአዲስም ዓይናቸው ሲጋረድ ጆሯቸው ተከፍቷልና ሰምተውታል፤ ቀፎውን የያዘው እጃቸው ጠበቀ።

ሕግ ሕግ ነው። ጋሽ ሉልሰገድ ስሙን ጠሩ። «የብርሃኔ ልጅ እንዳለ! እጅህ አይንጠፍ፣ አባትህ ይነሣልህ!» ብለው ዜማው ላይ አስገቡት። የወጣቱ ጆሮዎች ቀሉ።

እስከዚያ ደረጃው መንቋቋት ጀምሮ ነበር። ድምፁን የሰማ ሁሉ እየወጣ ነው። መጀመሪያ የመጣው የሰዓት ጠጋኙ ሐድጉ ነው፤ ማጉያ መስታወቱ ገና ግንባሩ ላይ እንደተነሳ።

«ጋሽ ሉሌ!» አለ በሩን ተደግፎ። «እኛኮ ይህ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ እድሩ እንዴት ሳይጠራን ቀረ እያልን ነው!»

«አንተን ቀብሬ ነው የምሄደው!» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ ሳያቆሙ፣ ዓይናቸውም ሳይገለጥ።

ረይሀና ከኋላው መጣች፤ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ። ያልፈረሰው ግቢ ሁሉ ተከትሏታል፤ አንዷ እልል አለች፣ ሌላው አጨበጨበ፣ ደረጃው እስከ ታች በሰው ሞላ። ረይሀና ስልኳን አውጥታ ትቀርጽ ጀመር። አኮርዲዮኑን ቀረጸች፣ እትዬ ሰርክአዲስን ቀረጸች፣ ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«ገዢው አንተ ነህ? እስቲ ወደዚህ ዙርልኝ። ሸላሚውም ይታይ እንጂ!»

ወጣቱ መዳፉን ፊቱ ላይ አደረገ። «ቪዲዮ አልወድም» አለ። «መኪናዋ መንገድ ዘግታለች፤ ላስጠጋትና ልምጣ።»

«ሸላሚ ሳይጨፍር ይወጣል እንዴ?» አለ ሐድጉ፤ ሰዉ ሳቀ። ወጣቱም የሳቀ መስሎ በሰዉ መካከል በጎኑ እየሾለከ ወረደ። እትዬ ሰርክአዲስ የእግሩን ድምፅ በደረጃው ላይ ተከተሉት፤ ሲወጣ የነበረው እርጋታ የለውም። ታች የመኪና በር ተዘጋ። ሞተር ተነሳ። ድምፁ ወደ አትክልት ተራ አቅጣጫ ሄዶ ጠፋ።

ጋሽ ሉልሰገድ ዜማውን አልቆረጡትም። እስከ መጨረሻው ወሰዱት፤ ወናፉን በቀስታ ዘጉት፣ የመጨረሻዋን እስትንፋስ አስወጡት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ማዶው እንደገና ባዶ ነበር።

እትዬ ሰርክአዲስ ቀፎውን ለረይሀና ሰጧት። «አንብቢልን።»

ረይሀና አነበበች፤ ፊቷ ተለወጠ። «‹ሰማንያ ሺህ ብር ወደ ሒሳብዎ ገብቷል› ይላል። ግን ይሄ ባንኩ አይደለም ጋሽዬ። ባንኩ ሲጽፍልዎት በስሙ ነው የሚመጣው። ይሄ የሰው ስልክ ቁጥር ነው። ታች መኪና ውስጥ የተቀመጠው ባልንጀራው ይሆናል የላከው።» ቁጥር ነካክታ፣ የምስጢር ቁጥራቸውን እሳቸው ራሳቸው እንዲያስገቡ ቀፎውን አቀበለቻቸውና ሒሳቡን አዩት። ከትናንት የተጨመረ ሳንቲም የለም።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ባንዴ ይናገር ጀመር፤ የሚረግም፣ የሚያመሰግን፣ የሱም አጎት እንዲሁ ቴሌቪዥን የተወሰደበት። ሐድጉ የመኪናዋን ሰሌዳ ማን አየ እያለ ደረጃውን ወረደ። ረይሀና ወገቧን ይዛ ጋሽ ሉልሰገድ ፊት ቆመች።

«ነግሬዎት አልነበር? አሁን ዜማው ቢያልቅ ኖሮ ይሰጡት ነበር፤ አይደለም?»

«እሰጠው ነበር» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ።

አልተናደዱም። ያሳዘናቸው ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ያ አልጋ ላይ የተኛው አባት አለመኖሩ ከበዳቸው። ጣቶቹ ብርድ ልብስ ላይ የሌለ ቁልፍ የሚፈልጉ ያ ወንድማቸው፣ ገና አሁን ሲጫወቱለት የነበሩት፣ እንደ ማዶው በረንዳ ባንዴ ፈረሰ። ሰው ለሌለ ሰው ማዘን ይችላል? እሳቸው አዘኑ።

ጎረቤቱ ተበትኖ ደረጃው ጸጥ ሲል ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አኮርዲዮኑ ገና ደረታቸው ላይ ነው። ሐኪሙ የቆረጠው ቀን ቅርብ ነው፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

«ተው ይቅርብኝ» አሉ እትዬ ሰርክአዲስ። «ጉሙን ለምጄዋለሁ።»

«እኔ አልለመድኩትም።»

«ዛሬ እኮ አየሁህ ሉሌ። ስትጫወት። ፀጉርህ ጥቁር ነበር።»

ጋሽ ሉልሰገድ ስለ ቢጫዋ ቀሚስ ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ። በዚያ መካከል ቀፎው ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ ሕብረት ትባላለች፤ ከአምስት ኪሎ ነው የምደውለው፣ ልጆች ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ አኮርዲዮኑ አልተሸጠ እንደሆን ዛሬ መጥቼ ልየው አለች። ድምፅዋ ደህና ሰው ይመስላል። የቅድሙም ድምፅ ደህና ሰው ይመስል ነበር።

ጋሽ ሉልሰገድ ሚስታቸውን አዩ። የተጋረዱት ዓይኖች ወደ እሳቸው ዞረዋል፤ የሚያዩትን እንጃ።

«ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። «ሰኞ ጠዋት እኔ ሒሳብ ካለኝ ባንክ እንገናኝ። ባንኮኒው ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ። ገንዘቡ መግባቱን ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ በራሷ አፍ ስትነግረኝ፣ ከትከሻዬ አውርጄ ትከሻሽ ላይ አደርግልሻለሁ። አትቀየሚኝ።»

«ኧረ አልቀየምም ጋሼ» አለች ድምፅዋ። «ይሻላል እንጂ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዝናብ ጀመረ፤ የቸርችል ጎዳና መኪኖች መብራታቸውን አበሩ፤ ወደ ታች የሚወርድ የብርሃን ወንዝ ሆኑ። እትዬ ሰርክአዲስ እጃቸውን ዘርግተው የአኮርዲዮኑን ወናፍ ዳሰሱ፤ ከዚያ የባላቸውን ጣቶች አገኙ፤ ቀለበት ጣታቸው ያበጠ ነበር። በመዳፋቸው ውስጥ ይዘው አሞቁት።

«እስከ ሰኞ የኛ ነው?» አሉ።

«እስከ ሰኞ የኛ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

ጋሽ ሉልሰገድም ወናፉን ከፈቱት።

ዝናቡ አባርቶላችኋል፤ ልትሄዱ ነው። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። በዚያ በኩል ስታልፉ፣ ቤቱም ባይኖር ደረጃውም ባይኖር፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ በዚያ መስኮት ዜማ ሲወጣ እንደነበር አስታውሱልኝ።